የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ድረ ገጽ አሠራር፦ በር ላይ ከሚጠየቀው ጥያቄ መነሣት

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ሲደርስ ሐዋሳ በእንግዳ ትሞላለች። ከአዲስ አበባ፣ ከሻሸመኔ፣ ከዲላና ከወላይታ ሶዶ የሚመጣው ምእመን ገና ከመኪና ሲወርድ «ታቦቱ ስንት ሰዓት ይወጣል? ማደሪያስ የት ይገኛል?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም በአቅራቢያው ያገኘውን የባጃጅ ሾፌር ነው። በዚያው ሳምንት በዐውደ ምሕረት ላይ ሙሉው መርሐ ግብር ተነግሮ ይሆናል። ነገር ግን በዐውደ ምሕረት የሚነገር ማስታወቂያ የሚደርሰው በዚያች ሰዓት በቅጥሩ ውስጥ ቆሞ ለሚሰማው ብቻ ነው። ድረ ገጽ የሚያስፈልገው በዚያ ሰዓት በቅጥሩ ውስጥ ላልነበረው ሰው ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ምክሮች ሁሉ የሚነሡት ከዚሁ አሳብ ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በከተማችን በሚገኝ አንድ አጥቢያ፣ በሰንበት ትምህርት ቤቱ የሚዲያ ክፍል ካገለገልሁበት ልምድ ነው። ድረ ገጻችንን ሁለት ጊዜ ሠርተነዋል፤ የመጀመሪያው አልተሳካም፣ ሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ እያገለገለ ነው። በኦርቶዶክሳዊው ሥርዓት የተለመዱ ቃላትን ብጠቀምም አሠራሩ ለወንጌላውያንም ሆነ ለካቶሊካውያን አብያተ ክርስቲያናት ያገለግላል።

1. ጥያቄዎቹን ከበር መሰብሰብ

አብዛኛው ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከቀለምና ከፎቶ ምርጫ ነው። እኛም የመጀመሪያውን ስንሠራ ከዚያ ጀመርን፤ የፊት ገጹ ላይ የደብሩ ሙሉ ታሪክ፣ የአስተዳዳሪው የእንኳን ደኅና መጣችሁ መልእክትና የሚንሸራተቱ ፎቶዎች ነበሩ። የቅዳሴ ሰዓት ግን የትም አልነበረም። የሠራነው ሁላችንም ሰዓቱን የምናውቅ ሰዎች ስለነበርን መጉደሉን ያስተዋለ አልነበረም።

ሁለተኛውን ከመጀመራችን በፊት ለጥበቃ አባታችን አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጥተን፣ በር ላይ የሚጠየቁትን ሁሉ ለሦስት ሳምንት እንዲመዘግቡልን ለመንናቸው። ለቢሮ ጸሐፊዋም በስልክ የሚጠየቀውን እንድትጽፍ እንዲሁ አደረግን። ደብተሮቹ ሲመለሱ ከጥቂቶቹ በቀር የተጻፈው ሁሉ የእነዚህ ጥያቄዎች ድግግሞሽ ነበር፦ ቅዳሴ ስንት ሰዓት ይገባል? ክርስትና ለማስነሣት ምን ያስፈልጋል? ጸበል በየትኞቹ ቀኖች አለ? የክርስትና ማስረጃ ለማውጣት ማንን ላናግር? ለፍትሐት ለማን ይነገራል? ስእለት የማስገባው የት ነው?

ከተመዘገቡት አንዱን አልረሳውም። አንዲት እናት ሰማንያ ቀን የሞላት ልጇን ታቅፋ፣ ክርስትና እናት የምትሆናትን እኅቷን ይዛ ከከተማው ውጭ መጥታ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ደረሰች። ሕፃናት ተጠምቀው በዚያው ዕለት ቅዳሴ ስለሚቆርቡ ጥምቀቱ የሚፈጸመው ገና ማለዳ ነው፤ እርሷ ስትደርስ ቅዳሴው ወደ ማለቁ ነበር። የትራንስፖርቷን ከፍላ፣ ነጠላዋን አጥባ፣ ሕፃኗን ነጭ አልብሳ መጥታ እንዲሁ ተመለሰች። ጥበቃ አባታችን በደብተሩ ላይ «ሰዓቱን የነገራት የለም» ብለው ጽፈው ነበር። አንድ መስመር ጽሑፍ በስልኳ ላይ ብታገኝ ኖሮ ይህ አይደርስባትም ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ይህ ደብተር ነው። የተሰበሰቡትን ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ከተጠየቀው ጀምሮ በቅደም ተከተል ደርድሩ፤ የድረ ገጹ ዝርዝር ማውጫ ከዚያ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚሰጠውን መልስ የሚመለከተው ክፍል ራሱ ይንገራችሁ። ስለ ጥምቀት ካህናቱን፣ ስለ ማስረጃ ጽሕፈት ቤቱን፣ ስለ ገንዘብ ሒሳብ ክፍሉን ጠይቁ እንጂ ከልምድ አትጻፉ። የተጻፈውንም አስተዳዳሪው አይተው ይፍቀዱት።

2. ስሙንና ቁልፉን በቤተ ክርስቲያኒቱ እጅ ማድረግ

በዚህ ክፍል ላይ ረዘም አድርጌ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያውን ድረ ገጽ የሠራልን በነጻ ያገለገለን አንድ ወጣት ነበር። የድረ ገጹን አድራሻ፣ ማለትም ዶሜይኑን፣ በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል አስመዘገበው፤ ክፋት ኖሮበት ሳይሆን በጊዜው የቀለለው መንገድ ያ ስለነበር ነው። በኋላ ወደ ውጭ አገር ሄደ፣ የድሮ ኢሜይሉንም ተወው። የዓመቱ ክፍያ የሚታደስበት ቀን ሲደርስ ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ማንም ወደማይከፍተው የመልእክት ሣጥን ስለነበር ቀኑ አለፈ። ከጥቂት ወራት በኋላ የቤተ ክርስቲያናችንን ስም በያዘው አድራሻ ላይ የቁማር ማስታወቂያ ወጣ። ምእመናን እየደወሉ «ምን ሆናችሁ?» ሲሉን የምንመልሰው አልነበረንም።

ይህ እንዳይደርስባችሁ የሚከተለውን ከሥራው መጀመሪያ በፊት ፈጽሙ። በቅድሚያ በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም አንድ ኢሜይል ይከፈት፤ የይለፍ ቃሉን ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይወቁት፣ በወረቀት ተጽፎም በታሸገ ፖስታ በሰበካ ጉባኤው ካዝና ይቀመጥ። ማረጋገጫ መልእክት የሚላክበት ስልክም የግለሰብ ሳይሆን የጽሕፈት ቤቱ ይሁን። ቀጥሎ ዶሜይኑ በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም በዚሁ ኢሜይል ይመዝገብ። በ«ዶት ኢቲ» የሚያልቀውን የአገራችንን አድራሻ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ሲሆን፣ ክፍያው በብር ስለሚፈጸም ሰበካ ጉባኤው ራሱ በደረሰኝ ሊከፍለው ይችላል። በ«ዶት ኦርግ» የሚያልቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሚፈልግ ውጭ ያለ ወዳጅ ከፍሎ ይመዘግብላችኋል፤ ምዝገባው በእርሱ ስም የሚቀረውም በዚሁ መንገድ ነው። አንድ ሰው ቢከፍልላችሁ እንኳ ባለቤት ሆኖ የሚመዘገበው ቤተ ክርስቲያኒቱ መሆኗን አረጋግጡ። የእድሳቱ ቀንም በሰበካ ጉባኤው ዓመታዊ ዕቅድ ውስጥ ከመብራትና ከውኃ ክፍያ ጋር ይግባ።

ሥራውን የሚያከናውን አንድ ኃላፊና አንድ ምትክ በደብዳቤ ይመደቡ። «የሚዲያ ክፍሉ ይሠራዋል» ማለት ብዙውን ጊዜ ማንም አይሠራውም ማለት ነው።

ድረ ገጹ የሚገነባበትን መሣሪያ በተመለከተ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ዎርድፕሬስ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ በነጻ የሚገኝና ብዙ ወጣቶች የሚያውቁት ስለሆነ አንዱ ቢሄድ ሌላው ሊቀጥልበት ይችላል። ዝመናው በየጊዜው ይጫን፣ በወር አንድ ጊዜም የሙሉ ይዘቱ ቅጂ ወጥቶ በቤተ ክርስቲያኒቱ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ።

3. የፊት ገጹ

አንድ ሰው ገጹን በስልክ ሲከፍት ጣቱን ወደ ታች ሳያንሸራትት አራት ነገሮችን ማየት አለበት፦ የቤተ ክርስቲያኒቱን ስም፣ የዚህን ሳምንት የአገልግሎት ሰዓት፣ የምትገኝበትን ቦታና የጽሕፈት ቤቱን ስልክ። ታሪኩና ፎቶው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

በከተሞቻችን ሰው ቤት የሚፈልገው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ስላልሆነ ቦታው በሁለት መንገድ ይጻፍ። አንደኛው በጉግል ማፕ ላይ ምልክት አድርጎ ሊንኩን ማስቀመጥ ነው፤ ምልክቱ ግን በቅጥሩ መካከል ሳይሆን በዋናው መግቢያ በር ላይ ይሁን፣ አለዚያ እንግዳው በጓሮ አጥር ዙሪያ ሲዞር ይውላል። ሁለተኛው ለባጃጅ ሾፌር እንደሚነገረው መጻፍ ነው፤ ለምሳሌ «ከፒያሳ ወደ አቶቴ በሚወስደው መንገድ፣ ከነዳጅ ማደያው ቀጥሎ በስተግራ» እንደሚባለው ዓይነት። ይህን ዐረፍተ ነገር ከመጻፋችሁ በፊት ለአንድ ሾፌር አንብቡለትና ሳይጠይቃችሁ የሚያደርሳችሁ እንደሆነ ሞክሩት።

4. ቀንና ሰዓት

ከውጭ አገር ሆኖ የሚያነበው ሰው አብዝቶ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኛ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» የምንለው በውጭ ሰው አቆጣጠር 8 ሰዓት ነው፤ ስልኩ ላይ ያለው ሰዓትም ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ስለዚህ «2:00» ብሎ ብቻ መጻፍ ከሌሊቱ ወይስ ከጠዋቱ፣ በእኛ ወይስ በእነርሱ የሚለውን ለአንባቢው ግምት መተው ነው። በአማርኛው ገጽ ሁልጊዜ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» የሚለውን ቃል አስቀድሙ፤ በቀጥታ የሚተላለፍ ጉባኤ ከሆነ ደግሞ «በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር» የሚለውን ጨምሩና የአውሮፓውያኑን በቅንፍ አስቀምጡ።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ታኅሣሥ 19 በአብዛኛው ዓመት ዲሴምበር 28 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን አንድ ቀን ይገፋል። 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች የ2016ቱ ታኅሣሥ 19 የዋለው ዲሴምበር 29 ቀን 2023 ነበር። በ2019 ዓ.ም. መጨረሻም ጳጉሜን ስድስት ስለምትሆን በ2020 ዓ.ም. ተመሳሳይ ነገር ይመጣል። ያለፈውን ዓመት ማስታወቂያ ገልብጦ ዓመቱን ብቻ የሚለውጥ ሰው፣ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ ለንግሥ የሚመጣ ምእመንን በአንድ ቀን ያሳስተዋል። ሁለቱንም አቆጣጠር ከዕለቱ ስም ጋር ጻፉ፤ የዕለቱ ስም ካልገጠመ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል።

የቅዳሴ ሰዓትም ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። በዐቢይ ጾም በአዘቦት ቀናት ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ሲሆን በቅዳሜና እሑድ ግን ማለዳ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን «የዘወትር» ብላችሁ ጽፋችሁ አትተዉት፤ የጾሙ መርሐ ግብር ከዘወረደ በፊት ይውጣ፣ ከትንሣኤ በኋላም ይነሣ። ከሰዓቱ ሥር «ይህ የተጻፈው መጋቢት 3 ነው» የሚል መስመር ካለ አንባቢው ማመን አለማመኑን ራሱ ይወስናል።

5. ፊደልና ቋንቋ

የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት በሚያውቁበት በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ይሁንና በብዙ ጽሕፈት ቤቶች ከዚያ በፊት በነበሩ ሶፍትዌሮች የተጻፉ የታሪክ መጽሔቶችና ደብዳቤዎች አሉ። እነዚህን ገልብጣችሁ ድረ ገጽ ላይ ብትለጥፉ የሚታየው የማይነበብ ምልክት ነው፤ በዩኒኮድ እንደገና መተየብ ወይም በመቀየሪያ ማሳለፍና ቃል በቃል ማረም ያስፈልጋል። ለአራት ነጥብ «።» ያለውን አንዱን ምልክት ተጠቀሙ፤ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ መምታት በኮምፒውተር ላይ የሚያምር ቢመስልም በስልክ ላይ ግማሹ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። ፊደላችን ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ መጠኑ ከ18 ፒክስል ባያንስ፣ በመስመሮቹም መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ቢኖር ለአረጋውያን ዓይን ይመቻል።

የከተማችን ስም ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ ሃዋሳ፣ ከዚያም አልፎ አዋሳ ተብሎ ይጻፋል፤ የሚፈልጋችሁ ሰው በየትኛው እንደሚተይብ አታውቁም። በጽሑፋችሁ ትክክለኛውን አንድ አጻጻፍ ጠብቁ፤ «አድራሻ» በሚለው ገጽ ላይ ግን «ቀድሞ አዋሳ በሚባለው» እንደሚል ዓይነት አንድ ዐረፍተ ነገር ማስገባት እንደ ጉግል ላለው መፈለጊያ ይረዳል።

በአገራችን ከዚህ ሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ልማድ ማስታወቂያን በሥዕል ብቻ ማውጣት ነው። ወርቃማ ፊደል ያለው ያማረ ፖስተር ተሠርቶ ይለጠፋል፤ ነገር ግን በሥዕል ውስጥ ያለውን ጽሑፍ መፈለጊያው በቀላሉ አያገኘውም፣ በስክሪን አንባቢ፣ ማለትም ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም፣ የሚጠቀም ዓይነ ስውር ወንድማችንም አይሰማውም፣ ስልክ ቁጥሩን ነክቶ መደወልም አይቻልም። ፖስተሩ ይኑር፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና ስልኩ ግን ከሥሩ በጽሑፍ ይደገም።

ሐዋሳ ብዙ ቋንቋ የሚነገርባት ከተማ ናት። ቢያንስ የአገልግሎት ሰዓቱና የጥምቀት መመሪያው በላቲን ፊደል በሚጻፈው በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ ቢወጣ፣ በቋንቋው ለምትቀድሱና ለምትሰብኩ አጥቢያዎች ምእመናናችሁን በስማቸው እንደመጥራት ይቆጠርላችኋል። ትርጉሙን ግን ለማሽን አትስጡት፤ ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ አገልጋይ ይጻፈው።

6. ስብከትና ፎቶ

የምእመኑ ዳታ በገንዘብ የተገዛ መሆኑን አስቡ። የአንድ ሰዓት ስብከት በተለመደው በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት ጥራት ከተቀመጠ 58 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል፤ ለንግግር በሚበቃው 32 ኪሎ ቢት ግን ከ15 ሜጋ ባይት አይበልጥም፣ ቃሉም አይጠፋም። መዝሙር ከሆነ ከፍ ይበል። ቪዲዮውን ዩቲዩብ ላይ ጫኑና ሊንኩን አምጡ፤ በራሳችሁ ድረ ገጽ ላይ አትጫኑት። ፎቶዎችም ከስልክ እንደወጡ አይለጠፉ፤ እያንዳንዱ ወደ 200 ኪሎ ባይት ይቀነስ። ለእያንዳንዱ ስብከት ርእሱን፣ የተነበበውን ምዕራፍ፣ የሰባኪውን ስምና ቀኑን ጻፉ፤ «የእሑድ ትምህርት» የሚሉ ሠላሳ ፋይሎች ቢደረደሩ የሚከፍታቸው የለም።

7. ገንዘብና የሰዎች ምስጢር

በሕንፃ ማሠሪያ ስም የሐሰት የባንክ ቁጥር የሚያሰራጩ ሰዎች ስላሉ፣ ድረ ገጹ ትክክለኛው ቁጥር የሚረጋገጥበት ቦታ መሆን ይገባዋል። የሚወጣው ሒሳብ በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም የተከፈተ ብቻ ይሁን፤ የቴሌብር ቁጥርም ቢሆን የግለሰብ አይሁን። ከቁጥሩ ጎን ገንዘቡ ለምን እንደሚውልና ደረሰኝ እንዴት እንደሚገኝ ይጻፍ። ቁጥሩ ከመውጣቱ በፊት ከሒሳብ ክፍሉ ጋር ሁለት ሰዎች ጮክ ብለው አንብበው ያመሳክሩት፤ አንድ አኃዝ ብትሳሳት የሰው ስእለት ሌላ ቤት ይገባል።

የጸሎት ጥያቄ መቀበያ ቅጽ የምትከፍቱ ከሆነ የሚላከው መልእክት የማን ዓይን እንደሚያየው አስቀድማችሁ ወስኑ፣ በቅጹም ላይ ጻፉት። ሰው ሕመሙንና የትዳሩን ችግር ይጽፍላችኋል። በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የሃይማኖት እምነትና የጤና ሁኔታ ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች መካከል ናቸው። የምእመናን ስም ዝርዝር፣ የንስሐ ልጆች መዝገብ፣ የተቸገሩ ወገኖች ፎቶ በድረ ገጹ ላይ አይውጣ። የሕፃናት ፎቶ በወላጅ ፈቃድ ብቻ ይውጣ፤ ርዳታ የሚቀበሉ እናቶች ፊት ግን ፈቃድ ቢሰጡም ባይወጣ እመርጣለሁ፣ ችግረኛ ሰው እምቢ ለማለት ይከብደዋልና።

8. ከቴሌግራም ጋር ማገናኘት

ብዙ አጥቢያዎች የቴሌግራም ቻናል ስላላቸው «ድረ ገጽ ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። ቻናሉ ለዕለት ዜና ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሰኞ የወጣው ማስታወቂያ ዐርብ ላይ በሌሎች ሥር ተቀብሮ ይገኛል። ሁለቱን አያይዙ፦ ዝርዝሩ በድረ ገጹ ላይ ይጻፍ፣ በቴሌግራም አጭር መልእክትና ሊንኩ ይላክ። አድራሻው በወርኃዊው መጽሔት፣ በደረሰኙ ጀርባና በዋናው በር ላይ ባለው ሰሌዳ በትልቁ ይጻፍ።

9. ከመክፈት በፊት መፈተን

ሥራው አለቀ ስትሉ ለሠሩት ሰዎች ሳይሆን ለማያውቅ ሰው አሳዩት። እኛ ከሰርክ ጉባኤ በኋላ አንዲት እናት ጠርተን፣ በራሳቸው ስልክ ገጹን ከፍተን ሰጠናቸውና «እማማ፣ የልጅ ልጅዎን ክርስትና ለማስነሣት ምን ይዘው እንደሚመጡ ይፈልጉልን» አልናቸው። እንዳንረዳቸው ተስማምተን ዝም አልን። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ወደ ታች ወረዱ፣ ተመለሱ፤ «አገልግሎቶች» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አለፉት። ቆይተው ቀና አሉና «ልጄ፣ ክርስትና የሚል አላየሁም» አሉን። መመሪያው በ«አገልግሎቶች» ሥር «ምሥጢረ ጥምቀት» በሚል ርእስ ነበር። በዚያው ምሽት ርእሱን «ክርስትና ለማስነሣት» ብለን ወደ ፊት ገጽ አወጣነው፤ የመምጫውን ሰዓትም በደማቁ ከሥሩ ጻፍነው። በሚቀጥለው እሑድ ስልካቸውን ይዘው ራሳቸው መጡና «አሁን አገኘሁት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው የሚለው አይደል?» ብለው አሳዩን።